ሬዲዮ ሲሞት የሚሞተው ምኑ ነው?

አንድ የሬዲዮ ጣቢያ ተዘጋ ስንል የተዘጋው ምንድን ነው? ጥያቄው ሲሰሙት የሥራ ፈት ይመስላል፤ መልሱም አፍ ላይ ያለ ነው፤ ሥርጭቱ ቆመ፣ ሠራተኛው ተበተነ፣ በሩ ተቆለፈ። ጠጋ ብለው ሲያዩት ግን መልሱ ከእጅ ያመልጣል። ጋዜጣ ሲዘጋ የቆዩ ቅጾቹ ቢያንስ ለባለሱቅ የበርበሬ መጠቅለያ ይሆናሉ፤ ከሃያ ዓመት በኋላም አንድ ሰው በርበሬውን አራግፎ ሊያነባቸው ይችላል። የሬዲዮ ሥራ ግን ጣቢያው በደህናው ቀን፣ ደመወዝ እየተከፈለና ማሠራጫው እየሠራ ሳለ እንኳ፣ ከአፍ እንደወጣ የሚያልቅ ነው። የትናንት ማታው ዜና ዛሬ የትም የለም። በቴፕ ተቀርጾ ይቀመጣል የሚል ይኖራል። ይቀመጥ፤ ግን በቴፕ የሚቀመጠው ድምፁ ነው እንጂ ሬዲዮው አይደለም። ያን ቴፕ ክፍሌን ዘግቼ ብቻዬን ባዳምጠው፣ በዚያች ሰዓት የማላውቀው ሌላ ሰው አብሮኝ እየሰማ መሆኑን ማወቄ፣ ማለትም ሬዲዮን ሬዲዮ ያደረገው ያ የማይታይ ጉርብትና፣ ቴፑ ላይ የለም። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የሚል ሕዝብ፣ የተናገሩት ሁሉ ወዲያው የሚጠፋበትን ዕቃ ቤቱ አስገብቶ፣ ጥልፍ ጨርቅ አልብሶ፣ ከመደርደሪያው ላይ በክብር ማስቀመጡ ራሱን የቻለ ትዝብት ነው። እንግዲህ በየሰከንዱ እየሞተ የሚኖር ነገር አንድ ቀን «ሞተ» ሲባል፣ ይህ የመጨረሻው ሞት ከቀደሙት ሞቶች የሚለየው በምንድን ነው?

እንዲህ ያለውን ጥያቄ ያለ ምሳሌ ማብሰልሰል ጉም መዝገን ነው፤ ስለዚህ አንዲት ከተማ ልያዝ። ሱታቴንሳ ትባላለች። ኮሎምቢያ ውስጥ፣ ቦያካ በሚባለው ክፍለ አገር፣ በአንዲስ ተራሮች ጉያ ያለች ትንሽ የገበሬ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1947 ሆሴ ኾአኪን ሳልሴዶ የተባሉ፣ ዕድሜያቸው ገና ሠላሳ ያልሞላ የካቶሊክ ካህን ለዚህች ደብር ረዳት ሆነው ተላኩ። ምእመናኑ በየተረተሩ ተበታትነው የሚኖሩ፣ አብዛኞቹ ማንበብ የማይችሉ ገበሬዎች ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ ፊልምና ሬዲዮ የሚያስደስታቸው ወጣት። በዚያው ዓመት 90 ዋት ገደማ ጉልበት ያለው፣ በእጅ የተገጣጠመ ማሠራጫ አቆሙ። ይህ ማለት አንድ ክፍል የሚያበራ የድሮ አምፖል የሚበላውን ያህል ኃይል ነው። አዳራሽ ለመሥራት ሲታሰብ ብር ያልነበረው ገበሬ ዶሮ አዋጣ። ከዚያ ወዲያ ያለው በቁጥር ሲነገር የሚያስደንቅ ነው። ጣቢያው ከላቲን አሜሪካ ኃያላን ማሠራጫዎች ተርታ ገባ፤ እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ ኤል ካምፔሲኖ የተባለ የገበሬ ሳምንታዊ ጋዜጣ አሳተመ፤ ከ6 ሚሊዮን በላይ የመማሪያ መጻሕፍት አደለ፤ አሠራሩም ከአገር ወደ አገር ተቀዳ። እ.ኤ.አ. በ1989 ካራኮል ለተባለ የንግድ ሬዲዮ ኩባንያ ተሸጠ። ልደቱና ሞቱ ይኸው ነው። ጥያቄዬ ያለው ግን በሁለቱ መካከል ነው።

በዚያ መካከል ካሉት ምሽቶች አንዱን ጠጋ ብለን እንይ። ሥራ ተፈትቶ፣ ከብት ገብቶ፣ ጨለማው ሲይዝ ጎረቤቶች አንድ ገበሬ ቤት ይሰበሰባሉ። ኤሌክትሪክ የለም። ኩራዝ አለ፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ መቀበያ አለ፣ ጥቁር ሰሌዳም አለ። ከሰሌዳው አጠገብ የሚቆመው ሰው «ረዳት» ይባላል፤ መምህር አይደለም፣ ከሌሎቹ ትንሽ ቀደም ብሎ ፊደል የቆጠረ ጎረቤት ነው። ከመቀበያው የሚወጣው ድምፅ ረዳቱ አንድ ፊደል እንዲጽፍ፣ ሌሎቹም እንዲገለብጡት ይነግራል። ከዚያ ዝም ይላል። ለሬዲዮ ሰው ዝምታ ቅሌት ነው፤ አየሩ ለጥቂት ሰከንዶች ባዶ ከሆነ ቴክኒሻኑ ይበረግጋል፣ አለቃው ስልክ ያነሣል። እዚህ ግን ዝምታው ታስቦበት የተተወ ነው፤ የጠመኔው ተራ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ ያለው ሰው፣ የማያያት እጅ በማያየው ቤት ውስጥ የማያየውን ፊደል እስክትጨርስ ይጠብቃል። እጇ መጻፍ አለመጻፏን አያውቅም። ምናልባት ረዳቱ በሽታ ይዞት አልመጣ ይሆናል፤ ምናልባት ባትሪው ደክሞ ድምፁ ከነጭራሹ አልደረሰ ይሆናል። ይህን ሁሉ እያወቀ ይጠብቃል። የኔ ጥርጣሬ የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ የሬዲዮ ነፍስ ያለችው በንግግሩ ውስጥ ሳይሆን በዚህ ዝምታ ውስጥ ቢሆንስ?

ወደዚያ ከመሄዴ በፊት ቀለል ያሉትን መልሶች በተራ ልፈትሻቸው። ጣቢያ ማለት መሣሪያው ነው የሚል ሰው አለ፤ ማሠራጫው፣ አንቴናው፣ ስቱዲዮው። ይህ መልስ ሱታቴንሳ ላይ ወዲያው ይሰናከላል። ሬዲዮ ሱታቴንሳ አድጎ አገር ሲያዳርስ ትልልቆቹ ማሠራጫዎቹ የተተከሉት ቦጎታን በመሳሰሉ ከተሞች ነበር፤ ድምፁም ከዋና ከተማው ይወጣ ጀመር። በአምፖል ጉልበት የጀመረው የመጀመሪያው መሣሪያ ጡረታ ሲወጣ ጣቢያው ሞተ ያለ ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም ተመነደገ ተባለ። እንግዲያውስ ስሙ ነው? የዚያች ትንሽ ከተማ ስም ከትልቁ ከተማ አፍ እየወጣ አገሩን ሁሉ ዞሯል። ስም እንዲህ ከቦታው ተነቅሎ መኖር ከቻለ፣ ለጣቢያው ሕይወት ዋስ ሊሆን አይችልም። በአንድ በኩል ለሱታቴንሳ ሰዎች ክብር ነው፤ በሌላ በኩል፣ እውነቱን እንነጋገር ካልን፣ አንድ ትንሽ ቦታ ታዋቂ ሲሆን ብዙ ጊዜ የሚሆነው ይኸው ነው፤ ስሙ ይሄዳል፣ እሱ ይቀራል።

ዓላማው ነው ለሚሉት መልስ ለመስጠት ወደ አገራችን መመለስ ይኖርብኛል፤ ምክንያቱም እኛም አንድ የሞተ ሬዲዮ አለን፤ ሞቱም ከሱታቴንሳው ይልቅ ለፍልስፍና የሚያስቸግር ነው። ብሥራተ ወንጌል የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ጣቢያ ነበር። የካቲት 19 ቀን 1955 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መርቀው ከፈቱት። ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ጌጃ ዴራ ላይ እያንዳንዳቸው 100 ኪሎዋት የሆኑ ሁለት የአጭር ሞገድ ማሠራጫዎች ነበሩት፤ በእነሱም በአማርኛ፣ በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በዓረብኛ፣ በፋርስ፣ በስዋሂሊ፣ በማላጋሲ፣ በሕንድ ቋንቋዎችና በሌሎችም ይናገር ነበር። ስብከት ብቻ አልነበረም፤ የሚበልጠው ጊዜ ለዜና፣ ለትምህርትና ለጤና ይሰጥ ነበር። መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. ደርግ ወረሰው። ወረሰው ሲባል አላፈረሰውም። ማሠራጫዎቹ ከቆሙበት ሳይነቀሉ «የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ» በሚል ስም መናገር ቀጠሉ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ለመሐንዲሱ የሆነ ነገር የለም፤ ያው ማሠራጫ፣ ያው አንቴና፣ ያው መብራት። ለደርጉ አንድ ጣቢያ ተወለደ። ለባለቤቶቹ አንድ ጣቢያ ሞተ። ለአድማጩስ? መቀበያውን ከፍቶ፣ በዚያ የባሕር ማዕበል በሚመስል የአጭር ሞገድ ሹክሹክታና ፉጨት መካከል መርፌውን ቀስ አድርጎ እየገፋ የለመደው ቦታ ላይ ሲያደርሰው፣ ድምፅ አለ፤ ግን የጠበቀው ድምፅ አይደለም። ባዶ ቢሆን ኖሮ ይሻለው ነበር እላለሁ። ባዶ አየር ቢያንስ አይዋሽም፤ «የለሁም» ይላል። ይኸኛው ግን «አለሁ» ይላል፣ በሌላ ሰው አፍ። ታዲያ ይህን ሞት ያሰኘው የዓላማው መለወጥ ነው? ቢሆንማ ኖሮ የኢትዮጵያ ሬዲዮ ስንት ጊዜ በሞተ! በ1966 እና በ1967 ዓ.ም. ትናንት «ግርማዊ» ያለውን ማይክሮፎን ዛሬ ሌላ ቋንቋ ሲናገርበት ሰምተናል፤ በ1983 ዓ.ም. ደግሞ እንደገና። ዓላማው ተገልብጦ፣ አለቃው ተሽሮ፣ መዝሙሩ ሳይቀር ተለውጦ፣ «የኢትዮጵያ ሬዲዮ ሞተ» ያለ ሰው አልሰማሁም። ስለዚህ ዓላማ ሲለወጥ አንዱን ሞተ፣ ሌላውን ተለወጠ የምንል ከሆነ፣ ልዩነቱን ያመጣው ሌላ ነገር መሆን አለበት።

ሌላም መልስ አለ፤ እኔም ለረጅም ጊዜ እሱን ስወድ ኖሬአለሁ። ጣቢያ ማለት መሣሪያም ስምም ዓላማም ሳይሆን መጠበቅ ነው የሚል። ሰዎች በተለያየ ቤት፣ ሳይተያዩ፣ በአንድ ሰዓት አንድን ድምፅ ይጠብቃሉ፤ ጣቢያው የሚኖረው በዚያ የጋራ ጥበቃ ውስጥ ነው፤ የሚጠብቀው ሲያልቅ ይሞታል። ለዚህ መልስ ከሱታቴንሳ የተሻለ ምስክር ያለ ይመስል ነበር። ጣቢያውን ያስተዳድር የነበረው ድርጅት ለገበሬው ይሸጣቸው የነበሩት መቀበያዎች ብዙዎቹ ከሱታቴንሳ በቀር ሌላ ጣቢያ እንዳይዙ ሆነው የተሠሩ ነበሩ። መርፌ የላቸውም፤ የሚገፋ ነገር የለም፤ ሲከፈቱ አንድ ድምፅ ብቻ ይሰማሉ። ከዚህ የበለጠ ታማኝ ጆሮ ከየት ይገኛል! ግን ደግሞ ነገሩን ሳሰላስለው የሚኮሰኩሰኝ እዚሁ ላይ ነው። ትምህርት ሰውን ነጻ ያወጣል ብሎ የተነሣ ድርጅት፣ መምረጥ በማይችል ሬዲዮ ያስተምር ነበር። ደጋፊዎቹ ምክንያት አላቸው፤ ዋጋው ይቀንሳል፣ ባትሪው ይቆጠባል፣ ገበሬውም ከትምህርቱ ወደ ዘፈን አይኮበልልም። የመጨረሻው ምክንያት ግን ሁሉንም ያጋልጣል። የሚኮበልል ሰው መጠበቁ ዋጋ አለው፤ መኮብለል የማይችል ሰው ጠበቀ አይባልም፣ ታሰረ እንጂ። ስለዚህ ጣቢያውን በአድማጩ መጠበቅ ብቻ የምንለካው ከሆነ፣ ሱታቴንሳ ከታሰረ ጆሮ የተሠራ ሕይወት ነበረው ልንል ነው። ብሥራተ ወንጌል ላይ ደግሞ ይህ መልስ በሌላ በኩል ይሰበራል፤ መጠበቁ ሳያልቅ፣ ገና ትኩሱን፣ ሌላ ሰው ገብቶበታል። መጠበቅ እንግዲህ ሊወረስ የሚችል ንብረት ነው። ሊሸጥም ይችላል፤ የንግድ ሬዲዮ ለማስታወቂያ አስነጋሪው የሚሸጠው ሌላ ምን ሆነና?

ወደ ዝምታው ልመለስ። ያ የጠመኔ ዝምታ አንድ ነገር ያምናል፤ ወዲያ ማዶ ተራው የደረሰ ሰው እንዳለ። በሬዲዮ ተፈጥሮ ይህ ከባድ እምነት ነው፤ ለሁሉም የሚናገር ማንንም አይሰማምና። አፉ ትልቅ፣ ጆሮው የለም። ጆሮ የሚበጅለት በሌላ መንገድ ነው፤ የኛ ትውልድ ሰው ሁሉ በቃሉ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ከየዝግጅቱ መጨረሻ ላይ፣ መሸኛው ሙዚቃ ከመግባቱ በፊት፣ አንባቢው ረጋ ብሎ የሚደግማት የፖስታ ሳጥን ቁጥር። ልጆች ሳለን ከዜናው ይልቅ ያቺን ቁጥር እናስታውስ ነበር። ሱታቴንሳ በዚህ በኩል ያደረገው ከማሠራጫዎቹ ጉልበት ይልቅ ያስደንቀኛል። ድርጅቱ ከገበሬ የሚመጣለትን ደብዳቤ ተቀብሎ ይመልስ ነበር፤ በሕይወት ዘመኑ ከ1 ሚሊዮን በላይ። ስለ ድንች በሽታ፣ ስለ ልጅ ጤና፣ ስለ መሬት፣ ስለ ኃጢአት የሚጠይቅ ደብዳቤ። ብዙዎቹ የተጻፉት ፊደሉን በዚያው ሬዲዮ በቆጠሩ እጆች መሆኑን ስናስብ ነገሩ ይጠልቃል፤ አፉ ለጆሮው መናገሪያ አስተማረው። በኩራዝ ብርሃን ሰሌዳ ላይ የተጻፈችው ያቺ ፊደል ጥቂት ዓመት ቆይታ ፖስታ ላይ ተጽፋ ወደ ተናጋሪው ተመለሰች።

የኔ ግምት እንግዲህ ይህ ነው። ጣቢያ የሚኖረው በማሠራጫው ሳይሆን በፖስታ ሳጥኑ ነው። ጣቢያ ማለት «ይህን ያልኸው አንተ ነህ፤ ታዲያ መልስልኝ» ሊባል የሚችል አካል ነው። ለመፈተን አንድ ነገር እናስብ። እንበልና ጣቢያው በተሸጠበት ወይም በተወረሰበት ዋዜማ አንድ ገበሬ ደብዳቤ ጻፈ፤ ፖስታ ቤት እስኪደርስ የአንድ ቀን መንገድ አለው፤ ደብዳቤው ሲደርስ ባለቤቱ ተለውጧል። ይህ ደብዳቤ የማን ነው? ገዢው የገዛው ሞገዱን ነው፣ ሕንፃውን ነው፣ የአድማጩን ልማድ ጭምር ነው፤ ያልተመለሰውን ደብዳቤ ግን በውሉ ላይ የሚያሰፍር ገዢ የለም። ወራሹም ቢሆን የሚወርሰው ሀብት ነው፤ ዕዳ የሚወርስ አዋጅ እስካሁን አላየሁም። «ቃል የእምነት ዕዳ ነው እንጂ የእናት የአባት አይደለም» ሲባል ትርጉሙ እዚህ ላይ በሙሉ ክብደቱ ይመጣል፤ የቃል ዕዳ ለልጅ አይተላለፍም፣ ለገዢም አይሸጥም፣ ከተናጋሪው ጋር ይኖራል፣ ከተናጋሪው ጋር ይሞታል። የሬዲዮ ሞት ማለት ያ ደብዳቤ የሚደርስበት ሰው የጠፋበት ሰዓት ነው። ብሥራተ ወንጌል ለምን ሞተ እንደምንል፣ የኢትዮጵያ ሬዲዮ ለምን እንዳልሞተ ከዚሁ ይገባኛል፤ የኢትዮጵያ ሬዲዮ አለቃና አቋም ሲለወጥ አድማጩ ዘፈን ለመምረጥም ሆነ ለመማረር ለዚያው ቤት መጻፉን አላቋረጠም። መልሱ ምንም ይሁን ምን፣ የሚጠየቀው ያው ቤት ነበር።

በዚህ ግምት ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ ቀላልም አይደለም። አንደኛ ነገር፣ ከአድማጭ መካከል የሚጽፈው ጥቂቱ ነው። ሌላው በዝምታ ሰምቶ፣ በዝምታ ተጠቅሞ ወይም ተሰላችቶ ያልፋል። ጣቢያው የጥቂት ጸሐፊዎች ዕዳ ብቻ ነው ካልን ብዙኃኑን ከታሪኩ ማስወጣታችን ነው። ለዚህ የምሰጠው መልስ፣ ለመጻፍ የሚያስችለው በር ክፍት መሆኑ ለማይጽፈውም ይበቃል የሚል ነው፤ ፍርድ ቤት ሄዶ የማያውቅ ሰውም ፍርድ ቤት መኖሩ ይጠቅመዋል። ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ያስጨንቀኛል። መልስ የምንለው በእርግጥ መልስ ነበር? ሚሊዮን ደብዳቤ የሚመልስ ድርጅት ጸሐፊ ያሰማራል፤ ጸሐፊ ደግሞ ተመሳሳይ ጥያቄ ሲበዛበት አንድ ዓይነት መልስ ማባዛቱ አይቀርም። ከዚህም በላይ ንግግሩ ከላይ ወደ ታች ነው፤ ገበሬው ይጠይቃል፣ የሚያውቀው ይመልሳል። ገበሬው የሚያውቀውንና ጣቢያው የማያውቀውን ማን ጠየቀ? ይህ ትችት በዘመኑም ተነሥቷል፤ ልክ ነው። ሆኖም ከትችቱ ጎን ሆኜ እንኳ አንድ ነገር አልክድም። የማይመጥን መልስ መልስ ከመንፈግ ይለያል፤ የማይመጥን መልስ ያገኘ ሰው «ይህማ አይደለም የጠየቅሁት» ብሎ መልሶ መጻፍ ይችላል። የዛሬዎቹ ኤፍኤሞች ቀኑን ሙሉ ስልክ እያነሡ «ሄሎ፣ ማን እንበል?» ሲሉ ግን፣ ደዋዩ ከስሙና ከሰፈሩ በላይ እንዲናገር የሚፈለግ መሆኑን እጠራጠራለሁ።

ሱታቴንሳን የገደለው ምን እንደሆነ ጸሐፍት ዘርዝረውታል፤ ዕዳ፣ የንግድ ሬዲዮዎች ፉክክር፣ የውጭ ርዳታ መድረቅ፣ በቤተሰብ ምጣኔ በመሳሰሉ ጉዳዮች ከቤተ ክህነት ጋር የመጣው መቃቃር። በዚህ ላይ አልዘገይም፤ ድርጅቶች የሚሞቱበት በሽታ ተመሳሳይ ነው። ይልቅ ልሟገተው የምፈልገው አንድ ማጽናኛ አለ፤ በየተዘጋው ጣቢያ መቃብር ላይ ይነገራል። «ሥራውን ጨርሶ ነው የሄደው» የሚል። ለማስተማሪያ ሬዲዮ ደግሞ ማጽናኛው የተለየ ውበት አለው፤ ማንበብ ያስተማረ ሬዲዮ ተማሪውን ለመጽሐፍ አስረክቦ እንዲሰናበት የተፈረደበት ነው፤ ስኬቱ ሞቱ ነው፤ ስለዚህ አታልቅሱ። ሐሳቡ ያምራል፤ ግን እውነት አይደለም። ሱታቴንሳ በተሸጠበት ቀን የኮሎምቢያ ገበሬ ጥያቄው አላለቀም ነበር። የተሸጠው ያልተጠየቀው ሁሉ ተጠይቆ ስላበቃ ሳይሆን ገንዘብ ስላለቀ ነው። ብሥራተ ወንጌልም ሥራውን ጨርሶ አልሄደም፤ ተነጥቆ ነው። ሞትን በፍጻሜ ስም መጥራት ለሟቹ ክብር መስሎ ለገዳዩ መሸፈኛ ይሆናል፤ ገዳዩ አዋጅ ቢሆንም፣ የሒሳብ መዝገብ ቢሆንም።

የቀረው ምንድን ነው ከተባለ ደግሞ ሁለቱ ሟቾች እዚህ ላይ ይለያያሉ። የሱታቴንሳ ሰነዶች ቦጎታ ውስጥ የኮሎምቢያ ብሔራዊ ባንክ ወደሚያስተዳድረው ወደ ሉዊስ አንኸል አራንጎ ቤተ መጻሕፍት ገብተዋል፤ ደብዳቤዎቹ፣ የመማሪያ መጻሕፍቱ፣ ፎቶግራፎቹ፣ ቅጂዎቹ። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2013 የዓለም ትዝታ በሚለው መዝገቡ ላይ አስፍሯቸዋል። በዚህ ደስ ይለኛል፤ ግን ቤተ መጻሕፍት ደብዳቤ ይጠብቃል እንጂ አይመልስም። ትናንት ለጣቢያው የተጻፈ ሁሉ ዛሬ ለተመራማሪ የተጻፈ ሆኗል፤ ጥያቄው ሰነድ ሆነ። የብሥራተ ወንጌል ነገር ሲነሣ ደግሞ በብዛት የምንሰማው የአፉን ታሪክ ነው። ስንት ኪሎዋት፣ ስንት ቋንቋ፣ ማን መረቀው፣ ማን ወረሰው። እኔም ከዚህ በላይ ያንኑ ነው የደገምሁት፤ በእጅ ያለው እሱ ነውና። የአንድ ሬዲዮ ታሪክ ከተናጋሪው ወገን ብቻ ሲጻፍ ግን፣ እስካሁን እንዳልነው ከሆነ፣ የተጻፈው የሕይወቱ ታሪክ ሳይሆን የዕቃው ታሪክ ነው። የሕይወቱ ታሪክ ያለው በሰሚዎቹ ዘንድ ነው፤ ማን በየትኛው ቀበሌ፣ በማን ቤት፣ ከማን ጋር ሰማው፤ ምን ሰምቶ ምን አደረገ፤ ምን ብሎ ጻፈ፤ መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. ወይም ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት መቀበያውን ሲከፍት ምን መሰለው።

ይህን ሊነግሩን የሚችሉ ሰዎች አሁንም በመካከላችን አሉ፤ በዚያን ጊዜ ልጅ የነበረው እንኳ ዛሬ ሸምግሏል። አንባቢ ሆይ፤ በቤትህ ወይም በጎረቤትህ ብሥራተ ወንጌልን ያዳመጡ እናት ወይም አባት ካሉህ፣ ስለ ጣቢያው አትጠይቃቸው፤ ስለ ራሳቸው ጠይቃቸው። ለጣቢያው ጽፈው ያውቁ እንደሆነ፣ ምን ብለው እንደጻፉ፣ መልስ መጥቶላቸው እንደሆነ። ያልተመለሰ ደብዳቤ ካላቸው በተለይ ያን ጻፍልን፤ መጽሔቱ አድራሻ አለው።